የጠበቃው ደብተር ማን ዘንድ ይቀመጥ?

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እዚያው ስለሆነ ከቡሬ፣ ከወምበርማ፣ ከሰከላ፣ ከቋሪትና ከደጋ ዳሞት የሚነሳ ባለጉዳይ ይግባኙን ይዞ ወደዚያው ያቀናል። ሰነዱ ብዙ ጊዜ በፌስታል የተጠቀለለ ነው፦ የወረዳ ፍርድ ቤት የውሳኔ ግልባጭ፣ አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር፣ በሟች አያት ስም የተቆረጠ የድሮ የግብር ካርኒ፣ አንዳንዴም እህትና ወንድም የፈረሙበት ውክልና። አንዱ ማመልከቻውን ይጽፍለታል፣ ጠበቃው ይከራከርለታል፣ በመጨረሻም መዝገቡ ይዘጋል። ባለጉዳዩ ወደ ቀዬው ሲመለስ ከወረቀቱ ብዙው በጠበቃው ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

ያ ሣጥን ጠበቃው ሲያርፍ የት ይደርሳል? አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂ የለውም። ልጆች ቤቱን ሲካፈሉ መጻሕፍቱን አንዱ ይወስዳል፣ ፎቶግራፉን ሌላው ይወስዳል፤ ደብተሩና የወረቀቱ ክምር ግን ለአይጥ ወይም ለእሳት ይተርፋል። በየሱቁ ስኳርና በርበሬ ሲጠቀለልበት የኖረው አሮጌ ወረቀት ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ ሣጥን ጋር የሚጠፋው የአንድ ሰው ትዝታ ብቻ አይደለም፤ የአንድ አውራጃ የፖለቲካ ታሪክም አብሮ ይጠፋል።

ምክንያቱም በጎጃም ገጠር የሕግ ሰው የፍርድ ቤት ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ነገር አዋቂው ሽማግሌ ሆኖ ይጠራል፤ ግብር ሲበዛ የአገሩን አቤቱታ ይጽፋል፤ ምርጫ ሲመጣ ወይ ራሱ ይወዳደራል ወይ ለተወዳዳሪው ይመክራል። አዋጅ በወጣ ቁጥር ነጋሪት ጋዜጣ ይገዛል። ከአዲስ ዘመን ላይ ጉዳዩ የሚነካውን ዜና በመቀስ ቆርጦ፣ በዱቄት ሙጫ ደብተር ላይ ለጥፎ፣ ከጎኑ በብዕር ቀኑንና የራሱን ሐሳብ የሚጽፍም አለ። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በግንቦት 1933፣ ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ በ1934 ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ደብተር የሦስት መንግሥታትን ዘመን በአንድ ጥራዝ ሊይዝ ይችላል።

እንዲህ ያለ ደብተር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት በዓለም የታወቀውን ምሳሌ ማንሳት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1858 በአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት አብርሃም ሊንከን የሚባል ጠበቃ ለሴኔት መቀመጫ ከስቴፈን ዳግላስ ጋር 7 ጊዜ በአደባባይ ተከራከረ። መቀመጫውን አላገኘም። ይሁን እንጂ ክርክሩን የዘገቡትን ጋዜጦች አሰባስቦና ቆርጦ በአንድ ደብተር ላይ በቅደም ተከተል ለጠፋቸው። የራሱን ንግግር እርሱን ከሚደግፈው የቺካጎ ጋዜጣ፣ የዳግላስን ደግሞ ዳግላስን ከሚደግፈው ጋዜጣ ወሰደ፤ ተቃዋሚው “ቃሌን አዛብተህብኛል” እንዳይለው ነው። ደብተሩ እ.ኤ.አ. በ1860 በኦሃዮ በመጽሐፍ መልክ ታተመ፤ ሊንከንም በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ያ በመቀስና በሙጫ የተሠራ ደብተር ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል። ሊንከን ሲለጥፈው የክፍለ አገር ጠበቃና በምርጫ የተሸነፈ ሰው ነበረ እንጂ የአገር መሪ አልነበረም።

ደብተሩ ታሪክ እንዲሆን ባለቤቱ ፕሬዚዳንት መሆን የለበትም። ዊልያም ዶርሲ የሚባል የፊላደልፊያ ጥቁር አሜሪካዊ ወደ 400 የሚጠጉ የጋዜጣ ቁራጭ ደብተሮችን ትቶ አልፏል። ደብተሮቹ እ.ኤ.አ. በ1976 በቼይኒ ዩኒቨርሲቲ ተገኙ። ከዚያ በኋላ የታሪክ ምሁሩ ሮጀር ሌን እነሱን መነሻ አድርጎ የፊላደልፊያን ጥቁሮች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈ። የከተማው አስተዳደር መዝገብ የዘለለውን ሕዝብ አንድ ሰው በመቀሱ አተረፈው።

ጎጃም ደግሞ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭንና ውርስን በወንጌል ኅዳግ ላይ ጽፎ በቤተ ክርስቲያን ማኖር የአገሩ የቆየ ልማድ ነው። ምስክሮቹ በስም ይቆጠራሉ፣ ውሉን የሚያፈርስ ይገዘታል፣ መጽሐፉም በዕቃ ቤት ይቀመጣል። እንደ መርጡለ ማርያምና ሞጣ ጊዮርጊስ ያሉ አድባራት ያቆዩዋቸው እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ዛሬ የመሬት ሥሪትን ለሚያጠኑ ምሁራን ዋና ምንጭ ሆነዋል። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ በደብረ ማርቆስ የጻፉት ታሪክም ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ቆይቶ በ2002 በዶክተር ሥርግው ገላው አዘጋጅነት ታትሟል። ያ ጽሑፍ የተረፈው የሚገለብጠውና የሚያስቀምጠው ሰው ስላላጣ ነው።

ብራናው ጠባቂ አግኝቷል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሱ ከ9,000 በላይ ጥራዞች ተቀድተዋል። ጠባቂ ያላገኘው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት ነው፤ በተለይም ከአዲስ አበባ ውጭ፣ በተራ ሰው ቤት ያለው።

የጠፋው ምን እንደሆነ ለመገመት የርስት ሙግትን ማስታወስ ይበቃል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አላን ሆበን በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። እንዳሳየውም በዚያ አገር ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ከአቅኚው አባት ትውልድ እየቆጠረ ርስት ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ትውልድ ቆጣሪ፣ ነገር አዋቂና ተሟጋች የሆነ ሰው በአገሩ ፖለቲካ ከፍ ያለ ቦታ ነበረው። መሬት የሚያስገኝ ሰው ተከታይ ያፈራል፤ ተከታይ ያለው ሰው ደግሞ ለሹመት ይታጫል። ሙግትና ፖለቲካ አንድ መንገድ ነበሩ።

ያ ሙግት መጀመሪያ በአፍ ነበር። ተሟጋቹ በበላ ልበልሃ ቆሞ ይከራከር ነበር፤ ዳኛውም ምስክሩም ሰሚው ሕዝብ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952፣ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ደግሞ በ1958 ሲወጣ ክርክሩ ወደ ወረቀት ገባ፦ የክስ ማመልከቻ፣ የመከላከያ መልስ፣ ይግባኝ። በአዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ተከፈተ፤ በየአውራጃው ግን ለረዥም ጊዜ የሚሟገተው በልምድ የተማረው ጠበቃ ነበር። የእርሱ ሣጥን የገጠሩ ሰው ከመንግሥት ጋር መጻጻፍ የጀመረበትን ዘመን ይዟል። በካርቦን የተገለበጠው የማመልከቻ ቅጂ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አለ፤ ከጀርባው ደግሞ ጠበቃው ባለጉዳዩ በቃሉ የነገረውን በእርሳስ ጽፎት ይሆናል። የመንግሥት መዝገብ ማኅተሙን ያስቀምጣል፤ የእርሳሱን ጽሑፍ ግን አያገኘውም።

ይህ ልዩነት በ1960 በጎጃም በተነሳው የገበሬዎች ዐመፅ ታሪክ ላይ ጎልቶ ይታያል። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ መሬቱ ሊለካ፣ ርስቱም ሊወሰድ ነው ብሎ ሰጋ፤ በዳሞት፣ በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም አውራጃዎች ግብር አልከፍልም አለ። መጀመሪያ አቤቱታ ጻፈ፤ ሽማግሌ ላከ። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ኃይል ሲጠቀሙ ነገሩ ወደ ጦርነት ዞረ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ገዢው ከጎጃም ተነሱ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ይህን ዐመፅ ከባሌና ከትግራዩ ዐመፅ ጋር አያይዘው በሰፊው ጽፈውታል። ነገር ግን የመንግሥት መዝገብ ስለ ዐመፁ የሚናገረው ገዢዎች ለበላይ የጻፉትን ነው። አቤቱታውን ያረቀቀው ሰው ማን ነበር? የመጀመሪያው ረቂቅ ምን ይላል? ከመላኩ በፊት የትኛው ኃይለ ቃል ተሰረዘ? ይህን የሚመልሰው በአንድ ነገር አዋቂ ቤት የተቀመጠው ግልባጭ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ወረቀትን አስፈሪ አደረገው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ሰነድ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። በ1969 ደግሞ የቤት ለቤት አሰሳና ቀይ ሽብር መጣ። ያን ጊዜ የተማረ ሰው ሁሉ ደብዳቤውን አቃጠለ፣ መጽሐፉን መሬት ውስጥ ቀበረ፣ ፎቶግራፉን ቀደደ። ወረቀት ያስገድል ነበርና ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። የሚያሳዝነው ፍርሃቱ ከደርግ ሥርዓት በኋላም መቆየቱ ነው። በብዙ ቤት ዛሬም “የአባታችን ወረቀት ነገር ያመጣብናል” ይባላል።

ያው ወረቀት ግን ፍትሕም አምጥቷል። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 በኔዘርላንድ ሄግ የሚገኝ ፍርድ ቤት በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረውን እሸቱ ዓለሙን በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ክሱ በደብረ ማርቆስና በመተከል ስለተፈጸመ እስር፣ ስቃይና ግድያ ነበር፤ በደብረ ማርቆስ የተገደሉ 75 እስረኞችም ነበሩበት። ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል የተከሳሹን ፊርማ የያዙ ሰነዶች ይገኙ ነበር። ድርጊቱ ከተፈጸመ ያን ጊዜ ወደ 40 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ወረቀቶቹ ባይተርፉ ኖሮ የሟቾች ቤተሰቦች በዚያ ችሎት የሚያቀርቡት ማስረጃ ምን ያህል በሳሳ ነበር።

የትልልቆቹ ሰዎች ማስታወሻ እየታተመ መሆኑ የሚያስደስት ነው። ጎጃምን ከጣሊያን ወረራ በፊት ያስተዳደሩት የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ “ካየሁትና ከማስታውሰው” ከሞታቸው በኋላ ታትሟል። በ1932 መጨረሻ ወደ ጎጃም አርበኞች ተልከው የገቡት የደጃዝማች ከበደ ተሰማ “የታሪክ ማስታወሻ” በ1962 ወጥቷል። የደብረ ማርቆስ አካባቢው ሐዲስ ዓለማየሁ “ትዝታ”ን በ1985 አበርክተዋል። በፈረንሳይ ሕግ የተማሩት ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድም በእስር ላይ ሆነው ለመርማሪ ኮሚሽን የጻፉት ቃል፣ እሳቸው ኅዳር 14 ቀን 1967 ከተገደሉ በኋላ ተርፎ መጽሐፍ ሆኗል። እነዚህ ሁሉ በላይኛው ወንበር የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ከታች፣ በቡሬ ወይም በደምበጫ ገበያ መሐል ትንሽ ቢሮ ከፍቶ የአገሩን ጉዳይ ሲጽፍ የኖረው ሰው ማስታወሻ ግን አሳታሚ ቀርቶ መደርደሪያ እንኳ አላገኘም።

“ጠበቃ ለራሱ የሚመቸውን ይለጥፋል፤ እንዲህ ያለው ደብተር እንዴት ይታመናል?” የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማንኛውም ሰው የራሱን ድል ያጎላል፤ የተሸነፈበትን መዝገብ ላይለጥፈው ይችላል። ነገር ግን የመንግሥት ሪፖርትም ከዚህ ነጻ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ሁለቱን ማስተያየት ነው፤ ለማስተያየት ደግሞ ሁለቱም መኖር አለባቸው። ሰው ምን መርጦ እንደለጠፈና ምን እንደተወ ማወቁ ራሱ ስለ ዘመኑ ይናገራል። ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ፣ በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ፣ በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ አንድ የአገሩ ጠበቃ የትኛውን ዜና ቆርጦ አስቀመጠ? በሽግሽጉ “ቢሮክራሲ” ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበት ገበሬ ጠበቃው ዘንድ መጥቶ ምን አለ?

ከበድ ያለው ተቃውሞ የምስጢር ጉዳይ ነው። በጠበቃ ሣጥን ውስጥ የፍቺ፣ የውርስ፣ የደም ነገር አለ። የመሬት ክርክር ደግሞ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚሄድ በመሆኑ የ50 ዓመት ወረቀት ዛሬ ሁለት ጎረቤቶችን ሊያጣላ ይችላል። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ በ2016ም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። መፍትሔው ግን ወረቀቱን መጣል አይደለም። በዓለም ያሉ ቤተ መዛግብት ይህን የሚፈቱት በጊዜ ገደብ ነው፦ የጋዜጣ ቁራጩ፣ የአደባባይ አቤቱታውና የምርጫ ወረቀቱ ወዲያው ይከፈታል፤ የደንበኞች ፋይል ለተወሰኑ ዓመታት ይታሸጋል፤ ቤተሰቡ የሚፈራው ነገር ካለ በፊርማ ገደብ ያስቀምጣል። ዋናውን ሰነድ መስጠት የማይፈልግ ቤተሰብም አይገደድ፤ የመሬት ማስረጃው ነውና ዋናውን ይዞ ቅጂውን ያስነሳ።

በቤት ያለውን ወረቀት ለማዳን ከአሁኑ የሚደረግ ነገር አለ። የጎጃም ክረምት ረዥምና እርጥብ ነው፤ ፌስታል ውስጥ የታሰረ ወረቀት ያልበዋል፣ ይሻግታል። የዱቄት ሙጫ ተባይ ይጠራል። የጋዜጣ ወረቀት ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል። ስለዚህ ደብተሩን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ከጭስና ከግድግዳ አርቆ በካርቶን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የዛገ የስቴፕለር ሽቦና መርፌ ቁልፍ ቀስ ብሎ ይነቀል። የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ ወይም ላሚኔት ማድረግ ወረቀቱን ይገድለዋል። የተለጠፈን ቁራጭ ለማላቀቅ መሞከር ደግሞ የባሰ ነው፤ ከጎኑ የተጻፈው ማስታወሻ ትርጉም የሚኖረው ቁራጩ በቦታው ሲቆይ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ገጽ በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ፣ ከነኅዳጉ በስልክ ካሜራ ይነሳ፤ ፎቶው በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ጉዳዩን አጣዳፊ አድርጎታል። ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ልጁን ይዞ ይወጣል እንጂ ደብተር ይዞ አይወጣም። ከዚያ ቀደም በነበረው ጦርነት በወሎ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ሰነድ ወድሟል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የግለሰብ ቅጂ ያለው ጉዳይ ከሌለው ይሻላል። መንገድ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ሣጥን ከቤት ወደ ቤት ማጓጓዝ አይመከርም፤ ወረቀቱ ባለበት ይነሳ፣ ይመዝገብ፣ ሰላም ሲሆን የሚሰበሰበው ይሰበሰብ።

ሥራውን የሚሠሩት ተቋማት በአካባቢው አሉ። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ካምፓስ፣ በዋናው ግቢም በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለው። ከ1936 ጀምሮ የቆየው ወመዘክር፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የሚባለው፣ ምዝገባውን እንዴት እንደሚሠሩ ሊያሠለጥናቸው ይችላል። በለንደን ያለው የብሪቲሽ ላይብረሪ ለጥፋት ለተጋለጡ ሰነዶች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም አለው፤ ከኢትዮጵያም የገዳማት መጻሕፍት በዚያ ድጋፍ በዲጂታል ተነስተዋል። የጠበቃ ደብተርም ለዚያ ድጋፍ ሊታጭ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

የሚያስፈልገው አንድ ደረቅ ክፍል፣ አንድ ስካነር፣ የሚያነቡና የሚመዘግቡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ፍርድ ቤቱ፣ ኮሌጁና የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ የሚፈርሙት አንድ የስምምነት ደብዳቤም ይጨመርበት። መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው ከ1950ዎቹና ከ60ዎቹ ጀምሮ በችሎት የቆሙ፣ ዛሬ ዕድሜያቸው የገፋ ጠበቆችና የሟች ጠበቆች ቤተሰቦች ናቸው። ስማቸውን የፍርድ ቤቱ የቆዩ መዝገቦች ያውቁታል፤ ከመዝገቡ ስም ዝርዝር ማውጣት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ያ ዝርዝር ከመጪው ክረምት በፊት ይውጣ፤ ጥያቄውም በአገሩ ወግ፣ በሽማግሌ በኩል፣ ወደ እያንዳንዱ ቤት ይላክ።